ነዳጁን ማን ጠጣው?

አሮጌው ፒካፓችን በአንድ ሊትር ናፍጣ ስምንት ኪሎ ሜትር መሄድ ሲገባው ስድስት ነጥብ ሦስት ብቻ እንደሚሄድ የሰማነው አንድ የጥር ሰኞ ጠዋት፣ ቢቸና ባለው የጋዜጣ ጽሕፈት ቤታችን፣ በሳምንታዊው ስብሰባ ማብቂያ ላይ ነው። ኃላፊያችን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ በመዳፉ ጫን አደረገው። ከመጣ ገና ስድስት ወሩ ነው። የሚናገረውን ቀድሞ መዝኖ የሚመጣ፣ ክፋት የሌለው ወጣት ነበር።

«ጋሼ፣ ሌባ ነዎት አላልኩም» አለ። «ግን ነዳጁ የት እንደሚገባ አላውቅም። እስከ የካቲት መጨረሻ ስምንት ካልደረሰ ቁልፉን ያስረክቡኛል። እርስዎን ወደ ጥበቃ ክፍል አዛውሬ ሌላ ሹፌር እመድባለሁ።»

ጋሼ የምንላቸው ሹፌራችንን ነው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። በወጣትነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ገብተው ጥቂት ተምረዋል። ትምህርቱ ባይዘልቅላቸውም አንድን ንግግር ሁለት ጊዜ የመስማት ልማድ አብሯቸው ቀርቷል። ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ። ተከትያቸው ስወጣ የመኪናውን መስታወት በጨርቅ ሲወለውሉ አገኘኋቸው።

«ሰማኸው?» አሉኝ።

«ሌባ አላለዎትም እኮ።»

«እሱማ ሰሙ ነው። ሰሙን ለስብሰባው ሰጠና ወርቁን ለእኔ አስቀረልኝ።»

በዚያን ጊዜ ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለውን መስመር ለጋዜጣው የምዘግበው እኔ ነበርኩ። መንገዱ ገና አስፋልት አልለበሰም፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ከጋሼ ጋር በዚያ ፒካፕ አራት ዓመት ተመላልሻለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ታንኩ ውስጥ ቱቦ ሲገባ አላየሁም። ይሁን እንጂ አላየሁም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ በሙያዬ መጀመሪያ የተማርኩት እሱን ነው። ስለዚህ «አምንዎታለሁ» በማለት ፈንታ «እንለካው» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

«ሌላ ሰው ቢሆን ‹አይዞዎት› ይለኝ ነበር» አሉ። ግን ጨርቁን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ይህ የመስማማት ምልክታቸው ነው።

ኃላፊው የያዘው ቁጥር የወሩ ድምር ነበር። እኔ የፈለግሁት አንድን ጉዞ ነጥሎ መለካት ነው። አካሄዱ ቀላል ነው፦ ታንኩን ቢቸና ማደያ ጢም አድርጎ መሙላት፣ ሞጣ ደርሶ መመለስ፣ ከዚያ በዚያው ማደያ፣ በዚያው መቅጃ እንደገና ጢም ማድረግ። በሁለተኛው ጊዜ የገባው ሊትር በመንገድ ላይ የተቃጠለው ነው። አንድ ችግር ግን ነበር። የማደያው መሬት ዘመም ያለ ስለሆነ፣ መኪናው አፍንጫው ወደ ላይ ሲሆንና ወደ ታች ሲሆን ታንኩ የሚይዘው እኩል አይደለም። አራቱ ጎማዎች የቆሙበትን በጠመኔ አሰመርኩና መኪናው ሁልጊዜ በዚያው ምልክት ላይ፣ ፊቱን በአንድ በኩል አዙሮ እንዲቆም ለመንኩ።

«ወዴት በኩል?» አሉ ጋሼ።

«ወደ ምሥራቅ ይሁን።»

«ጸሎት ላይ ነን ማለት ነው።»

ነዳጅ ቀጂዋ ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፒካፑ ብቅ ሲል «ቅዳሴው ተጀመረ» ማለት ልማዷ ሆነ።

የመጀመሪያው ጉዞ ውጤት ስድስት ነጥብ ሦስት ሆነ። አንዲት ነጥብ እንኳ አልተዛነፈም።

«የኃላፊው ሒሳብ ልክ ነው» አልኳቸው።

«ጥሩ ምስክር ይዣለሁ» አሉ ጋሼ።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ተረጋግጧል። በዚያ ጉዞ ታንኩን ከዓይኔ አላጣሁትም፤ ናፍጣው በቱቦ አልወጣም፤ የጠጣው መኪናው ራሱ ነው። ይህን ለኃላፊው ነገርኩት። አዳመጠኝና «መልካም» አለ፤ «ስምንት ግን አልሆነም።» ቀነ ገደቡ እንዳለ ቆየ።

በሁለተኛው ጉዞ ሞጣ ስንደርስ ጎማ ንፋስ ለማስሞላት አንድ ጎሚስታ ደጅ ቆምን። ሰውየው መሙላቱን ሳይጀምር ጎንበስ ብሎ በጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር በአውራ ጣቱ ጠርጎ አነበበ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጫማ የዚህ እግር አይደለም» አለ።

«እንዴት?»

«ሰፍቶታል። ከጭነት መኪና የተወሰደ ነው።»

ጋሼ ነገሩን ያውቁታል። ከሁለት ክረምት በፊት መኪናው ሆዱ ጭቃ እየነካ ሲያስቸግር የቀድሞው ኃላፊ ከፍ ያለ ጎማ አስገጥሞለት ነበር።

«ለነዳጁም ይጠቅማል» አሉ። «ረጅም ሰው መንገድ አይበዛበትም። አንድ እርምጃው የአጭሩ አንድ ተኩል ነው።»

እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው መንገዱን አያይም፤ የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። ጎማው ተቀይሮ እርምጃው ሲረዝም ለቆጣሪው ይህን የነገረው የለም። በድሮው አጭር እርምጃ መቁጠሩን ቀጥሏል። እንግዲያ ከሄድነው መንገድ ሳይጻፍልን የቀረ አለ ማለት ነው። ይህን ለጋሼ አስረዳኋቸው።

«ሌባው ቆጣሪው ነው?» አሉ።

«ሊሆን ይችላል። መለካት አለበት።»

«አንተ ለእናትህም ‹ሊሆን ይችላል› ነው የምትላት።»

መንገዱ ዳር ከነበሩት የኪሎ ሜትር ድንጋዮች የሚበዙት ወድቀዋል፤ የቆሙትንም ማን ከየት አንሥቶ እንዳቆማቸው አይታወቅም። ስለዚህ ከግብርና ጽሕፈት ቤት የሃምሳ ሜትር መለኪያ ገመድ ለምኜ ተዋስኩ። ሃያ ጊዜ ሲዘረጋ አንድ ኪሎ ሜትር፣ አርባ ጊዜ ሲዘረጋ የፈለግነው ሁለት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት ከቢቸና ወጣ ብሎ፣ ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ሜዳማና ቀጥ ያለ ቦታ መረጥን። እኔ የገመዱን ጫፍ ይዤ ከፊት፣ ጋሼ ከኋላ ሆነን በየገመዱ ማለቂያ ጠጠር እያኖርን የመንገዱን ጠርዝ ይዘን ሄድን።

ያላሰብንበት ነገር ገመድ በዚያ አገር ምን ማለት እንደሆነ ነው። መሬት ከተሸጋሸገ ገና ጥቂት ዓመታት ነበር ያለፉት፤ ሽግሽጉ የመጣውም በገመድ ነው። በማሳ ዳር ገመድ ወጥረው የሚሄዱ ሁለት ከተሜዎችን ያየ ገበሬ እጁ ላይ ያለውን ሥራ ትቶ ይመጣል። በአምስተኛው ገመድ ላይ አንድ ሰው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከማዶ ሲወርድ አየሁ። በሰባተኛው አራት ሆኑ። በዐሥረኛው ቁጥራቸውን ተውኩት። ማንም አልተቆጣም። ሰላምታ ሰጡን፤ ስለ ጤናችን፣ ስለ ቤታችን፣ ስለ ልጆቻችን በየተራ ጠየቁን። ከዚያ በዕድሜ ሁሉንም የሚበልጡት አዛውንት ዓይናቸውን ከገመዱ ሳያነሡ ተናገሩ።

«ልጆቼ፣ የማን መሬት ነው የሚነካው?»

«የማንም አይነካም አባቴ» አልኩ። «መንገዱን ነው የምንለካው።»

«መንገዱን?» ወደ ሰዎቹ ዞር አሉ፤ ተመልሰው እኔን አዩ። «መንገዱ ደግሞ ለማን ሊሰጥ ነው?»

ጋሼ ከኋላ ሆነው ሳቃቸውን ዋጡ። «ለእኔ ነው አባቴ» አሉ። «ካልተነጠቅሁ።»

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አስረዱ፦ የኃላፊውን ንግግር፣ የጎማውን ነገር፣ ቆጣሪውን፣ እስከ የካቲት መጨረሻ የተሰጣቸውን ጊዜ። አዛውንቱ እስከ መጨረሻው ሰሙ። አመኑ ብዬ ለመጻፍ አልደፍርም።

«መልካም» አሉ። «እንዲያ ከሆነ ጫፉን እኔ ልያዘው።»

ከእጄ ወሰዱት። እስከ ሁለት ኪሎ ሜትሩ መጨረሻ፣ ገመዱ አንዲት ስንዝር ወደ ማሳ እንዳያዘነብል እየተጠነቀቁ ይዘውት ሄዱ። ያን ያህል ቀጥ ብሎ የተለካ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። መጨረሻው ላይ ደብተሬን አይቼ «አርባ» አልኩ። ከኋላ ጠጠር ሲቆጥር የመጣ አንድ ገበሬ «ሠላሳ ዘጠኝ» አለ። ተመልሰን ቆጠርን። ሠላሳ ዘጠኝ ነበር።

«ጋዜጣ ላይም እንዲህ ነው የምትጽፉት?» አለ ሰውየው። አንድ ገመድ ጨመርን።

ጋሼ መኪናውን አመጡና ከመነሻው ምልክት እስከ መድረሻው አምስት ጊዜ ደርሶ መልስ ነዱ። ሃያ ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አዛውንቱ መጨረሻው ምልክት ላይ ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ምልልስ በጣታቸው ያዙ። ስንጨርስ አንገቴን ወደ ጋቢናው አስግጌ ቆጣሪውን አነበብኩ። ዐሥራ ስምንት ይላል።

«ሃያ ሄዶ ዐሥራ ስምንት» አሉ አዛውንቱ። «የእኔን መሬት የለካው ሰው ይሄ ነው።»

ያን ቀን ሜዳው ላይ የተሳቀውን ሳቅ አልረሳውም። ገመዱን ስንጠቀልል ጥርጣሬያቸው ለቆ እንደሆነ ባላውቅም፣ አዛውንቱ ጋሼን ክንዳቸውን ይዘው «የሆነውን ሳትነግረኝ እንዳትቀር» አሏቸው።

ሒሳቡ ሲታረም ስድስት ነጥብ ሦስቱ ሰባት ሆነ። ኃላፊው የገመዱን ታሪክ ከእኔ ሰምቶ ሲያበቃ ወረቀቱ ላይ ስድስት ነጥብ ሦስቱን ሰርዞ ሰባት ጻፈ። «ሰባትን ተቀብያለሁ» አለ። «ስምንት ግን ስምንት ነው።» ትክክል ነበር።

የቀረችውን አንዲት ኪሎ ሜትር ፍለጋ ጀመርን። መካኒኩ የአየር ፊልትሮውን ፈትቶ መሬት ላይ ሲያራግፈው የወጣው አቧራ አንድ መደብ ጎመን ያበቅላል። ከኋላ የጭነት ቦታው ላይ ለክረምቱ ጭቃ ክብደት እንዲሆኑ የተጫኑ ሁለት ጆንያ አሸዋ ነበሩ። ጥር ላይ ምንም አይሠሩም፤ አወረድናቸው። ከጆንያዎቹ አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ጋሼ ዳገት ላይ ሲቆሙ ከጎማው ሥር የሚያስገቡት ነው። ይውረድ አልኩ።

«ይቺ አትወርድም። ከሞተሩ ይልቅ ያዳነችኝ እሷ ናት።»

«ትከብዳለች ጋሼ።»

ድንጋዩን አንሥተው ከመቀመጫቸው ሥር አስገቡት። «ጋቢና ውስጥ ስትሆን አትከብድም» አሉ። ተከራክሬ አላሸነፍኩም፤ ድንጋዩ እዚያው ቀረ። ጎማው በልኩ ተነፍቶ፣ ፊልትሮው ጸድቶ፣ አሸዋው ወርዶ እንደገና ለካን። ሰባት ነጥብ አራት።

የካቲት ተጋመሰ። ጋሼ ቀልድ ቀነሱ። አንድ ቀን ወደ ማደያው ስንሄድ «ጥበቃው ካፖርቱን አሳየኝ» አሉ። «ሰፊ ነው። ለሁለት ዓመት ይበቃል።» ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመረዳት ቅኔ ቤት መግባት አያስፈልግም ነበር።

ከመኪናው አካል ውስጥ ያልመረመርነው አልቀረም። ያልለካሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሞተሩ እየሠራ መኪናው ቆሞ የሚቆይበት ጊዜ። ባትሪው ደካማ ነው። ጋሼ ሜዳ ላይ ሞተር ካጠፉ መኪናው ሳይገፋ አይነሣም፤ ስለዚህ አያጠፉም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ሰው ‹እንደምን ዋላችሁ› እያለኝ ‹ግፉኝ› ልበል?» አሉኝ። እኔ ለቃለ መጠይቅ ስወርድ ሰዓት መያዝ ስለማልችል ደብተሬንና ሰዓቴን ለእሳቸው ሰጠሁ። ሞተሩ እየሠራ የቆሙበትን ደቂቃ ሁሉ፣ ምክንያቱንም ጨምረው እንዲጽፉልኝ ጠየቅሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ደብተሩን መለሱልኝ። በቅኔ ቤት የለመዱት ጥንቅቅ ያለ ጽሕፈት ነው፤ እንዲህ ይላል፦

«ቢቸና መውጫ፣ ዐሥር ደቂቃ። ጋዜጠኛው ከአንድ መምህር ጋር ሰላምታ ላይ።

ደብረ ወርቅ፣ አርባ ደቂቃ። ጋዜጠኛው ‹አምስት ደቂቃ› ብሎ ወርዶ።

መንገድ ላይ፣ ስምንት ደቂቃ። ጋዜጠኛው የድሮ ጎረቤቱን እናት አግኝቶ።

ሞጣ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ‹መጣሁ› ብሎ።

ሞጣ በድጋሚ፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ። ‹አሁንስ መጣሁ› ብሎ።

መልስ ላይ፣ አምስት ደቂቃ። እኔ፣ አንድ ቄስ ለማሳፈር።»

ደመርኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ነው። ከአምስት ደቂቃዋ በቀር ሁሉም የእኔ ነው። ጎማውን፣ ቆጣሪውን፣ ፊልትሮውን፣ አሸዋውን መርምሬ በጋቢናው ውስጥ በስተቀኝ የሚቀመጠውን ሰው ሳልመረምር ቀርቻለሁ።

በዚያ አገር ሰላምታ አይቸኩልም። የጠየቀ መልሶ ይጠየቃል፤ ከራስ ጤና ተነሥቶ እስከ ከብቱ ይዘልቃል፤ መሐል ላይ አቋርጦ መሄድ ነውር ነው። እኔም በዚያ ያደግሁ ነኝ። አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ስወርድ አስቀድሜ ሃያ ያህል እጠየቃለሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሞተሩ እየሠራ እንደነበር ጆሮዬ ከለመደው ቆይቷል።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ሳልጽፈው እኔም አላወቅሁትም። ከጻፍኩት በኋላ ግን አሳዘንከኝ።»

ይህም መለካት ነበረበት። ማደያው ሄደን፣ በጠመኔው ምልክት ላይ ቆመን፣ ታንኩን ጢም አደረግን። ከዚያ ሞተሩን አስነሥተን ለአንድ ሰዓት ተቀመጥን። ጋሼ ክንዳቸውን አጣጥፈው አሸለቡ። ነዳጅ ቀጂዋ ሁለት ጊዜ መጥታ አየችን።

«ሰው ነዳጅ የሚያቃጥለው ሊሄድ ይመስለኝ ነበር» አለች።

ሰዓቱ ሲሞላ የገባው ናፍጣ ዜሮ ነጥብ ሰባት ሊትር ሆነ። በሁለት ሰዓት አንድ ነጥብ አራት ሊትር ማለት ነው። ከሞጣ ደርሶ መልሱ ላይ ይህን ስቀንስ ሒሳቡ ከስምንት በላይ ወጣ። በወረቀት ላይ ግን ነው፤ በመንገድ ላይ መታየት አለበት።

ለመጨረሻው ልኬት የወጣነው የካቲት ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፦ መኪናው የሚቆመው ቁልቁለት ላይ አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ነው። ስንነሣ ፍሬኑ ይለቀቃል፤ መኪናው ይንሸራተታል፤ በሁለተኛ ማርሽ ይነሣል። ጋሼ ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለውን ቁልቁለት ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ደብረ ወርቅ ላይ ቀጠሮ የያዘልኝ ሹም ቢሮ ድረስ አልሄድኩም፤ ዝቅ ብሎ ወዳለው ተዳፋት እንዲመጣልኝ ጠየቅሁት። መጣ፤ አንድ እግሩን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጎ ቆሞ መለሰልኝ።

«ለምን እዚህ ሆነ?» አለኝ ሲጨርስ።

«ለነዳጁ ነው።»

ምን እንደገባው አላውቅም፤ ራሱን ነቀነቀ። ሞጣ ላይ ‹መጣሁ› ብዬ ሃምሳ ደቂቃ ቆየሁ፤ ሞተሩ ዝም ብሎ ጠበቀኝ። በመልስ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ሁለት ቄሶችና አንዲት አሮጊት አሳፈሩ። ይህን ይተዉ አላልኳቸውም፤ እኔም አልሞከርኩትም።

ቢቸና ማደያ፣ ጠመኔው ላይ፣ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አድርገን ቆምን። ቀጂዋ ቀስ እያለች እስከ አፉ ሞላችው። ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ጋሼ መሪውን እንደያዙ ወደ ፊት ያያሉ።

«ስምንት ነጥብ አንድ» አልኩ።

«ሠላሳ ዘጠኝ እንዳይሆን» አሉ።

እንደገና ሠራሁት። ስምንት ነጥብ አንድ ነበር።

ለኃላፊው ግማሽ ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ። ዜና በምጽፍበት ደንብ ዋናውን ነገር ከላይ አደረግሁት፦ ነዳጁን ካባከኑት ምክንያቶች ከታወቀ በኋላ ለመታረም የቀለለው፣ ሳይታወቅ ግን ረጅም ጊዜ የቆየው ሪፖርተሩ ነው። ኃላፊው ጋሼ ባሉበት አነበበው። ቀና ብሎ እኔን አየ፤ እሳቸውን አየ።

«ታዲያ ቁልፉን ከማን ልቀበል?»

«ቁልፉ ከእኔ ጋር ይቆይ» አሉ ጋሼ። «ከእሱ ሰላምታውን ይቀበሉት።»

ያ ሰው ሲስቅ ያየሁት በዚያን ቀን ነው። በሚቀጥለው ሰኞ በስብሰባው ማብቂያ ላይ ብድግ ብሎ፣ ሁላችንም እየሰማን «ጋሼ አንዲት ጠብታ ነዳጅ አላጎደሉም፤ ተሳስቼ ነበር» አለ። ስንወጣ ጋሼን ሰሙስ ወርቁስ የቱ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ይሄኛው ሰም የለውም» አሉ። «እንዲሁ ንግግር ነው። ደስ ይላል።»

በዚያው ሳምንት ወደ ሞጣ ስንሄድ ገመድ በዘረጋንበት ሜዳ ላይ አዛውንቱ መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን። እጃቸውን አነሡ። ጋሼ መኪናውን ቀስ አደረጉ፤ ግን አልቆሙም። አዛውንቱም ከመስኮቱ ጎን ጎን መራመድ ጀመሩ።

«እህ፣ መንገዱ ለማን ተሰጠ?»

«ለእኔው ነው አባቴ። ለሁለት ዓመት።»

«አላልኩም? ጫፉን ቀጥ አድርጌ ይዤልህ ነበር።»

ሜዳው እስኪያልቅ፣ ቁልቁለቱ እስኪጀምር አብረውን ተራመዱ። እዚያ ጋሼ መኪናውን አቆሙና ሞተሩን አጠፉ። ከመቀመጫቸው ሥር ድንጋዩን አውጥተው ከጎማው ሥር አስገቡ፤ ኮፍያቸውን አንሥተው በወግ ሰላም አሏቸው። እኔም ወረድኩ። ሰዓቴን አላየሁም።